ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዲስክ የሚያድን የጥገና ቤት

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከመናኸሪያው በእግር ዐሥር ደቂቃ ያህል ርቃ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል አለች። በበሯ ላይ «ጥገና» ከሚል ጽሑፍ በቀር ስም የለባትም። የምትሠራባት አንዲት ወጣት ባለሙያ ናት። የስድስት ወር ልፋታችንን ከሞት ስለመለሰችልን ስለ አሠራሯ ልመስክር።

እኛ 11 ሰዎች ነን፤ ከማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከፍኖተ ሰላም። ደመወዝ የለንም። ከቅኔ መምህራን አፍ የሰማነውን እየቀዳን፣ እየጻፍን፣ ሰምና ወርቁን እየፈታን በኢንተርኔት እናኖራለን፤ በያለበት ያለ ቅኔ ወዳድም የራሱን ይልካል፣ የሌላውን ያርማል። ቅኔ ለዕለቱ የሚዘረፍ ነገር ነው። ዛሬ ማሕሌት ላይ የተባለው ነገ አይደገምም፤ ሰሚው ካልያዘው ከትንፋሽ ጋር ይሄዳል። ሁሉን የምናኖርበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨራችን፣ ይህን ትንፋሽ መያዣ ነበር።

በግንቦት መብራት በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሣም አለ። ጆሮዬን ባስጠጋ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። አንዱ የሌላውን ግልባጭ የሚይዝ ሁለት ዲስክ ስለነበረን «አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» ብለን ተኝተን ነበር። ለካ አንደኛው የሞተው በጥር ነው። የማስጠንቀቂያ መልእክቱ ቡድናችንን ለቅቆ ወደ ሄደ ባልደረባችን ኢሜይል ሲላክ ከርሟል። ያን አድራሻ መቀየር የእኔ ሥራ ነበር፤ አልቀየርሁትም። በፍላሽ ያስቀመጥነው የመጨረሻ ቅጂ የኅዳር ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው ሁሉ በዚያ በሚንቀጫቀጭ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያሳየሁት ሌላ ባለሙያ ካቻቢቴውን አንሥቶ ክዳኑን ሊፈታ ሲል ከእጁ ነጠቅሁት። የዲስክ ማንበቢያ ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ነው፤ በተራ ክፍል ውስጥ ሲከፈት የምትገባው ቅንጣት አቧራ ሳህኑን ልትቧጭረው ትችላለች።

ይህችኛዋ ዲስኩን ተቀብላ ወዲያው አልሰካችውም። የመለያ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ደብተር ላይ ጻፈችና እንዳመሳክረው ወደ እኔ አዞረችው። ከዚያ «ጋሼ፣ ከታመመ ወዲህ ስንት ጊዜ አስነሡት?» አለችኝ።

«አራት ጊዜ» አልኋት።

«ከእንግዲህ አያስነሡት። የቀረችው ዕድሜ ለመቅጃ ብቻ ትዋል።»

ዋጋውንም ሳትጀምር ነገረችኝ፦ ከተሳካ 6,000 ብር፣ ካልተሳካ 500 ብር፤ አዲሱ ዲስክ በእኛ ወጪ።

የተጠቀመችው ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ይቀዳል፤ ያስቸገረውን እየዘለለ ይመዘግብና በኋላ ይመለስበታል። የትኛው ተነበበ፣ የትኛው ቀረ የሚለው በአንድ ትንሽ መዝገብ ውስጥ ስለሚቀመጥ መብራት ቢጠፋም ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል። እኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሁለተኛው ሌሊት መብራት ሄዶ ጠዋት ሲመጣ ምንም አላጣንም። አንዱን ቦታ ከፊት አላነብ ሲላት ከኋላ ወደ ፊት እንዲያነብ አደረገችው። ዲስኩ ሲግል አጥፍታ ታሳርፈዋለች፤ በሰዓት ይዛ። እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ያልተነበበው መጠን ሲቀንስ አያለሁ።

ከ1 ቴራባይት ውስጥ በመጨረሻ ሳይነበብ የቀረው 44 ኪሎባይት ነበር፤ እያንዳንዳቸው 4096 ባይት የሚይዙ 11 ክፍሎች። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ አንዱ ክፍል 1365 ፊደል ያህል ነው፤ መወድስ የተባለውን ባለ ስምንት ቤት የቅኔ ዓይነት አራት አምስት አድርጎ ይይዛል።

ቀጥሎ ያደረገችውን ነው ከሁሉ የማደንቀው። ከተቀዳው ላይ ሌላ ግልባጭ አወጣችና የፋይል ጥገናውን ሁሉ በግልባጩ ላይ ብቻ ሠራች። የመረጃ ቋታችን ማሪያዲቢ ነው፤ አልነሣ ሲል የተበላሹ ገጾችን አልፎ እንዲነሣ አድርጋ ያለውን በሙሉ አወጣችና በአዲስ ቋት ውስጥ አስገባችው። የመጀመሪያው ሙከራ ግን በፊደል ፋንታ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ አወጣ። ልቤ ቆመ። እሷ አልደነገጠችም፤ ሲወጣ የፊደል ሥርዓቱ እንደተሳሳተ አይታ ከግልባጩ እንደገና አወጣችው።

ከዚያም «እኔ ግእዝ አላውቅም፤ እርስዎ ያንብቡልኝ» ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። እኔ የፈለግሁት «ሠረቀ» የሚለውን ነበር። በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ወጣ፣ አበራ ነው፤ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ግን ስርቆት ነው፤ ወርቁ የሚቀበርበት ቅኔ በዚች ፊደል ይገለበጣል። በየቦታው እንደነበረ ነበር። ሃያ ቅኔ ድምፄን አውጥቼ አነበብሁ፤ ሃያውም ደኅና።

ሰባት ቅኔ ጠፍቷል። ስድስቱን ከላኪዎቹ ደብተርና ከመምህራኑ አንደበት መልሰናል። አንዱን መወድስ የኔታ በስልክ፣ ከወራት በኋላ፣ ሳያደናቅፋቸው ወረዱልኝ። አንዲት ዘአምላኪየ የተባለች አጭር ቅኔ ግን በየካቲት ከሞጣ ተልካ ነበር፤ ላኪዋንም ቅጂዋንም እስካሁን አላገኘንም። ከድምፅ ቅጂዎቹም አንዱ መሃሉ ላይ ሁለት ሰከንድ ዝም ይላል።

ያልወደድሁትም አለ። ብቻዋን ስለምትሠራ ሦስት ቀን የተባለው ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ ሥራ ላይ ሳለች ስልክ አታነሣም፤ የታተመ ደረሰኝም አትሰጥም፤ በሰው መዋጮ ለምንኖር ለእኛ ይህ አስቸግሮናል። ክፍሏ ከሰዓት በኋላ ትሞቃለች። ሥራዋን ግን ደግሜ ብፈልግ ሌላ ቤት አልሄድም።

የምትሄዱ ከሆነ፣ ከተበላሸው የማያንስ መጠን ያለው ባዶ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። ዲስኩን በፎጣ ጠቅልሉት፤ በመንገድ አይንገጫገጭ። «እስኪ አንድ ጊዜ ልሞክረው» ብላችሁ አታስነሡት። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት አትከፍትም።