ኢ ክላስ ወይስ ቢኤም 5? ያገለገለ ጀርመን ሠራሽ መኪና ለሚገዛ ሰው

«መርሰዲስ ልግዛ ወይስ ቢኤም?» ይህ ጥያቄ በዚህ መልኩ ከቀረበ መልስ የለውም። ሁለቱም ኩባንያዎች ድንቅ መኪና ሠርተዋል። ሁለቱም ባለቤቱን ከጋራዥ ጋራዥ የሚያንከራትት ሞተርም አውጥተዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ላጥበውና ሁለት መኪኖችን ላወዳድር፦ የመርሰዲስን ኢ ክላስ እና የቢኤምደብልዩን 5 ሲሪስ። መጠናቸው ይቀራረባል፤ ዋጋቸውም ይቀራረባል፤ ገዢያቸውም ያው አንድ ዓይነት ሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከታሪክ ልጀምር፤ የሁለቱ ጠባይ ከአመጣጣቸው ነውና።

ካርል ቤንዝ ማንሃይም ከተማ ውስጥ ለሠራት ባለ ሦስት እግር መኪና የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያስገባው በጥር 1886 ነው። ሞተሯ አንድ ሲሊንደር ብቻ ነበረው፤ ጉልበቱም አንድ ፈረስ አይሞላም። ገዢ ግን ጠፋ። በነሐሴ 1888 ሚስቱ በርታ ለባሏ ሳትነግር ሁለት ልጆቿን አሳፍራ እናቷ ወደምትኖርበት ፎርትስሃይም ተነሳች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዳጅ ሲያልቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዛች። የነዳጅ መስመሩ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጎርጉራ ከፈተችው። ፍሬኑ አልይዝ ሲላት ደግሞ ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስመታችበት። የመጀመሪያው የፍሬን ሸራ ይህ ነው ይባላል።

ሽቱትጋርት አጠገብ ደግሞ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ የራሳቸውን ሞተር ይሠሩ ነበር። ኤሚል ዬሊኔክ የተባለ ነጋዴ ከዳይምለር ኩባንያ ፈጣን መኪና አዘዘ፤ በልጁ በመርሰዲስ ስምም አስጠራው። ሁለቱ ኩባንያዎች በ1926 ተዋሐዱ። ከዚያ በኋላ መርሰዲስ ስሙን የገነባው በአመዛኙ በሁለት ነገር ነው፦ በደህንነትና በጥንካሬ። ሲጋጭ ፊቱ ተጨማድዶ የተሳፋሪውን ክፍል የሚያተርፈውን አካል ከ1959 ጀምሮ ሠራ። ድንገት ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ኤቢኤስ ፍሬን በ1978 አመጣ። የዛሬው ኢ ክላስ አያት የሆነው ደብልዩ 123 ከ1976 እስከ 1986 ድረስ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። የጀርመን ታክሲዎች ከፈጩት በኋላ አፍሪካ ገብቶ ሁለተኛ ዕድሜ የኖረው እሱ ነው።

ቢኤምደብልዩ መነሻው ሰማይ ነው። ሙኒክ ውስጥ በ1916 እና 1917 ሲቋቋም ሥራው የአውሮፕላን ሞተር ነበር። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስትሸነፍ የቬርሳይ ውል ያንን ሥራ ከለከለ። ኩባንያውም በ1923 ሞተር ብስክሌት ይዞ ብቅ አለ። በ1928 አይዘናህ ያለውን ፋብሪካ ገዝቶ የእንግሊዙን ኦስቲን 7 በፈቃድ መሥራት ጀመረ። ሁለት ኩላሊት የሚመስለው የፊት ፍርግርግ በ1933 መጣ፤ የመጀመሪያው ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪናውም ያኔ ነው የወጣው። እስከ ዛሬ የቢኤም ሰዎች መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ሞተሩ ነው፤ ወንበሩ ኋላ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የ1959ኙ ነገር ነው። ቢኤም በዚያ ዘመን ሁለት ጫፍ ይዞ መሐሉን ረስቶ ነበር። በአንድ በኩል ባለ ስምንት ሲሊንደር የሀብታም መኪና ይሠራል፤ በተሸጠ ቁጥር ያከስራል። በሌላ በኩል ኢሴታ የምትባል፣ በሯ በፊት በኩል የሚከፈት ሚጢጢ መኪና ይሠራል፤ የእሷ ትርፍ ደግሞ ቁም ነገር አይሞላም። ደመወዝተኛው ጀርመናዊ የሚገዛው መኪና አልነበረውም።

ዲሴምበር 9 ቀን ሙኒክ ላይ ባለ አክሲዮኖች ተሰበሰቡ። የቀረበላቸው ሐሳብ በአጭሩ ኩባንያው በዳይምለር ቤንዝ እጅ ይግባ የሚል ነው። መርሰዲስ ቢኤምን ሊውጠው ነው ማለት ነው! አነስተኛ ባለ አክሲዮኖችና መኪናውን የሚሸጡ ነጋዴዎች እምቢ አሉ። ፍሪድሪሽ ማተርን የተባለ ጠበቃ ሒሳቡን ሲመረምር፣ 700 ለምትባለው አዲስ መኪና የወጣው ገንዘብ በሙሉ በአንድ ዓመት ኪሳራ ላይ መጫኑን አገኘ። ያ በቃ፤ ውሳኔው ሳይሰጥ ስብሰባው ተበተነ። ከዚያ በኋላ ኸርበርት ክቫንት የተባለው ባለሀብት አክሲዮኑን አብዝቶ ኩባንያውን አዳነ። ቤተሰቡ ዛሬም የቢኤምን ግማሽ ያህል ይዟል። በ1961 ለሕዝብ የታየው 1500 የጠፋውን መሐል ሞላ። 5 ሲሪስ በ1972 ሲወጣ የእሱን ቦታ ነው የወሰደው።

እንግዲህ ቢኤም ነፍሱን ያተረፈው በዚህ ዓይነት መኪና ነው፤ ቤተሰብ የሚይዝ፣ ሲነዱት ግን የሚያስደስት። ኢ ክላስ ደግሞ የመጣው ቀኑን ሙሉ ሰው ከሚያመላልስ ታክሲ ወገን ነው። ልዩነቱን መሪው ላይ ስትቀመጡ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ገበያው። ያገለገለ ስትፈልጉ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የሚገናኙት ከ2009 እስከ 2016 የተሠራው ኢ ክላስ፣ ማለትም ደብልዩ 212፣ እና ከ2010 ጀምሮ የተሠራው 5 ሲሪስ፣ ማለትም ኤፍ 10 ናቸው። በቁጥር ካየነው ቢኤሙ ረዘም ይላል። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 2968 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኢ ክላሱ 2874። የዕቃ መጫኛው ደግሞ በተቃራኒው፣ መርሰዲስ 540 ሊትር፣ ቢኤም 520። ይህቺ 20 ሊትር ማንንም አታጣላም።

ጠባያቸው ግን ይለያያል። ኢ ክላስ ጉድጓድ ሲያገኝ አድበስብሶት ያልፋል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። 5 ሲሪስ መንገዱን ይነግራችኋል፤ ኩርባ ላይ እጃችሁ ሥር ነው። እውነቱን ለመናገር ኤፍ 10 ከቀደሙት የቢኤም 5 ትውልዶች ይልቅ ለስላሳ ሆኗል፣ መሪውም ቀዝቀዝ ብሏል። ቢሆንም ከኢ ክላሱ ወርዳችሁ እሱ ላይ ስትወጡ ትነቃላችሁ። በቀን ሁለት ሰዓት ትራፊክ ውስጥ የምትቀመጡ ከሆነ እኔ ኢ ክላሱን እላለሁ። አውራ ጎዳና ላይ ብቻችሁን ረጅም መንገድ የምትነዱ ከሆነ ቢኤሙን።

አንድ ትንሽ ነገር ከቶዮታ ለሚመጣ ሰው፦ በብዙ ኢ ክላስ ማርሹ ያለው ከመሪው በስተቀኝ በወጣች ትንሽ ዘንግ ላይ ነው። ኮሮላ ላይ እዚያ ቦታ ያለው የዝናብ መጥረጊያው ነው። ዝናብ ሲጀምር እጅ በልማድ ይሄድና መኪናው ኒውትራል ይገባል። አትደንግጡ፤ ይለመዳል።

ጎማ ላይ በደንብ አስቡበት። አብዛኛው ቢኤም 5 ስኮርታ የለውም። በምትኩ ነፋሳቸው ሲወጣ እንኳን በሰዓት 80 እየነዱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬዱ፣ ጎናቸው ጠንካራ ጎማዎች ተገጥመውለታል። ለአሜሪካ አስፋልት ጥሩ ዘዴ ነው። ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ግን ግትርነቱ ቸርኬ ያጣምማል፤ ጎማውም ከተራው ይወደዳል። ብዙዎች በተራ ጎማ ይቀይሩትና ስኮርታ ኋላ ጭነው ይሄዳሉ። ኢ ክላሱም ቢሆን እንደተሸጠበት አገር ይለያያልና ሻንጣውን ከፍታችሁ ወለሉን አንስታችሁ እዩ።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ ዓርማው ዋጋ ያጣል። እዚህ ጋ የሚያስከፍለው ዓመቱና የሞተሩ ዓይነት ነው።

ከኢ ክላስ በኩል እስከ 2006 ገደማ በተሠሩት የቀደመው ትውልድ መኪኖች፣ ማለትም ደብልዩ 211ዎች፣ ላይ ያለውን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ፍሬን ተጠንቀቁ። ኩባንያው ራሱ ለጥገና ጠርቷቸዋል፤ በኋላም ጥሎታል። በዚያው ዘመን ኢ 350 ላይ የገባው ኤም 272 ሞተር ደግሞ ከ2008 በፊት የተሠራ ከሆነ ውስጡ ያለው፣ የሞተሩን ንዝረት የሚያረጋጋው የባላንስ ዘንግ ጥርስ ቶሎ ያልቃል። ለመጠገን ሞተሩ መውረድ አለበት። ዋጋው የመኪናውን ሩብ ቢበላ አይግረማችሁ። ደብልዩ 212 ላይ ከ2011 በኋላ የመጣው ኤም 276 የተሻለ ነው። በጠዋት ብርድ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ቢንኳኳ ግን የካቴናው መወጠሪያ ደክሟልና ከዋጋው አስቀንሱ። በሞላ ፈንታ አየር የተሞላ ባሎን የሚሸከመው (ኤር ሰስፔንሽን ያለው) ኢ ክላስ ካገኛችሁ ሌሊት ቆሞ አድሮ ጠዋት አንድ ጎኑ መተኛቱን ተመልከቱ። ከተኛ ሻጩ ያውቃል።

ከቢኤም በኩል 528 ላይ ያለው ኤን 20፣ እስከ 2015 መጀመሪያ የተሠራው፣ የታይሚንግ ካቴናው መምሪያ ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰባበራል። አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። 550 ላይ ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ኤን 63 ዘይት ይበላል፤ ያንን እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። በናፍጣ የሚሠራው 520 ላይ የገባው ኤን 47 ካቴናው በሞተሩ ጀርባ ነው፤ ለመቀየር ካምቢዮው ይወርዳል። ጥሩው 535 ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ኤን 55 ነው፤ የውኃ ፓምፑን መቀየርና በዘይት ማጣሪያው ቤት በኩል የሚያፈሰውን ጓርኒሲዮን ማስጠገን ይኖርባችኋል፤ ልቡ ግን ጠንካራ ነው።

አዲስ አበባ ላሉ ገዢዎች ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። ከተማዋ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ፣ ማለትም አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የቤንዚኑ ኢ 350 ቱርቦ የለውም፤ ኤን 20 ያለው 528ም 535ም አላቸው። ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ወረቀት ላይ ደካማ የሚመስለው 528 ከኢ 350 ጎን ለጎን ቢሄድ ምክንያቱ ይህ ነው።

ገንዘብ ጨምራችሁ አንድ ትውልድ ከፍ ካላችሁ ፍርዴ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ከ2017 ጀምሮ በተሸጠው 5 ሲሪስ፣ ጂ 30፣ ላይ 540 የሚለውን ፈልጉ። ሞተሩ ቢ 58 ይባላል፤ ቶዮታ ራሱ ለአዲሱ ሱፕራ የመረጠው ነው። ከመርሰዲስ ወገን አቻው ኤም 256 ነው። መርሰዲስ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተወውን በአንድ ረድፍ የተደረደረ ስድስት ሲሊንደር የመለሰው በዚህ ሞተር ነው። ቢኤም ከ1968 ወዲህ ያንን አሠራር ትቶት አያውቅም፤ ቆይቶ ለተመለሰውም ክብር ይገባዋል። ሆኖም ኤም 256 ያለው ኢ 450 አሜሪካ ውስጥ የሚገኘው ከ2021 ወዲህ ባለው ሞዴል ነው፤ ስለዚህ ይወደዳል። በሊዝ ሦስት ዓመት ተነድቶ የተመለሰ 540 የጥገና መዝገቡ ሙሉ ከሆነ ብዙ አታስቡ። ትልቁን የዋጋ መውደቅ የመጀመሪያው ሰው ከፍሎላችኋል።

የጥገና መዝገብ ካልኩ አይቀር፣ የሻጩን ወሬ ትታችሁ ወረቀቱን ተመልከቱ። ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ የማያሳይ ጀርመን ሠራሽ መኪና ዋጋው የፈለገ ቢወርድ ውድ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሱት፤ «ቅድም አሙቄዋለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ነገ ጠዋት ተመለሱ። ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ወስዳችሁ ስካን አስደርጉ። ደላላው ይቻኮል፤ እናንተ አትቻኮሉ።

ከውጭ መኪና አስገብቶ አዲስ አበባ ለመንዳት ላሰበ ሰው ነገሩ ተለውጧል። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ ውድድሩ ወደ ኤሌክትሪኮቹ፣ ወደ መርሰዲስ ኢኪውኢ እና ወደ ቢኤም አይ 5፣ ይዞራል። ኢኪውኢ 350 ፕላስ ባትሪው 90 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የአይ 5 ኢድራይቭ 40 ደግሞ 81። በአንድ ቻርጅ ርቀት መርሰዲስ ያሸንፋል። የዕቃ ቦታው ላይ ግን ቢኤም በ490 ሊትር ለ430 ይበልጠዋል፤ ቅርጹም የለመድነው የ5 ሲሪስ ቅርጽ ነው። እኔ አይ 5ን እመርጣለሁ፤ ከኋላ ስትቀመጡ ጉልበታችሁን አያነሳም። 7 ኪሎዋት በሚሰጥ የቤት ቻርጀር ባዶውን ባትሪ ለመሙላት 12 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ግቢያችሁ ውስጥ እሱን ማስገጠም ካልቻላችሁ ግን ሁለቱንም ተዉአቸው።