የቪትዜ ኤሲ ኩሽኔታ፦ ከሰባት ወር በኋላ

ስለ ኩሽኔታ ግምገማ የሚጽፍ ሰው አለ? ይኸው፣ እኔ አለሁ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። መኪናዬ በፈረንጆቹ 2004 የተሠራች ቪትዝ ናት። በሳምንት ሁለት ቀን በፈጣን መንገዱ አዳማ ደርሼ እመለሳለሁ። መሀል ከተማ ኤሲ ትዝም አይለኝም፣ መስኮት ገርበብ ማድረግ ይበቃል። እኛ ሰፈር ግን መስኮት ከተከፈተ ክሩስኮቱ ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል፣ አቧራ ነው። ሞጆ ሲደረስ ደግሞ ሙቀቱ ይጀምራል።

የካቲት ላይ ሞተር ሳስነሳ ከኮፈኑ ስር እንደ እህል ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ያለው ልጅ ሁለት ደቂቃ አዳመጠና “እህቴ፣ ኮምፕረሰሩ አልቆለታል” አለኝ፤ የኤሲውን ጋዝ የሚገፋውን ፓምፕ ማለቱ ነው። ያገለገለ ኮምፕረሰር፣ ከነጋዙና ከነእጅ ዋጋው 28,000 ብር። ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ያዳኑኝ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና መካኒክ።

“ኤሲውን አጥፊው” አሉኝ። አጠፋሁት። ድምፁ አለ።

“አብሪው።” ያው ነው።

“በይ፣ ኮምፕረሰርሽ አልሞተም።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፕረሰሩ ፊት ላይ ያለው ተሽከርካሪ፣ ፑሊው፣ ኩሽኔታ ላይ ተቀምጦ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ስለተያያዘ ኤሲው በራም ጠፋም ይዞራል። ኮምፕረሰሩ የሚሠራው የኤሲው ክላች፣ በማግኔት የሚሳብ ሳህን ያለው፣ “ቀጭ” ብሎ ፑሊውን ሲይዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ኤሲ ጠፍቶም የሚጮህ ከሆነ የፑሊውን ኩሽኔታ ወይም ቺንጋውን ጠርጥሩ። ሲበራ ብቻ ከጮኸ ኮምፕረሰሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ሞተር ሳይነሳ፣ ቁልፍ ብቻ ተከፍቶ፣ የንፋሱን ፍጥነት ስትጨምሩ አብሮ የሚጨምር ድምፅ ደግሞ ከክሩስኮቱ ውስጥ ካለው የንፋስ ሞተር ነው። ብዙ ጊዜ ቅጠል ገብቶበት ነው።

ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውን አወለቁት። ፑሊውን በእጄ ሳዞረው ውስጡ አሸዋ ያለ ይመስላል። (ሞተር ተነስቶ ቺንጋ ሲዞር ነጠላም ሻርፕም አድርጋችሁ እንዳትጠጉ። ቀልድ አይደለም።)

የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ርካሹን ኩሽኔታ በ700 ብር ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ በጣቴ ስገፋው እንደ መጫወቻ ተሽከረከረ። ደስ አለኝ። ለካ እንደዚያ የሚቀልለው ግሪሱ ትንሽ ስለሆነ ነው! ሁለት ወር ሳይሞላ ወፍጮው ተመለሰ። የእጅ ዋጋ ሁለቴ ከፈልኩ።

ሚያዝያ ላይ ሁለተኛውን ገዛሁ፣ 1,900 ብር። በሁለቱም ጎኑ የጎማ ክዳን አለው፣ በጣት ሲዞር ትንሽ ይከብዳል። የተጻፈበት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጥኩ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ በዓይን ግምት አይሆንም። ደስ የሚለው፣ ለዚህ ሥራ ጋዝ አይለቀቅም። ቱቦዎቹ ሳይፈቱ ኮምፕረሰሩ ከማሰሪያው ወርዶ ከፊቱ ኩሽኔታው ይወጣል። የቫኪዩም ሥራም የጋዝ ሙሌትም የለም።

አሁን ኅዳር ነው። ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ፣ ክረምቱንም ከነጭቃው አልፎታል። ኩሽኔታው ጸጥ እንዳለ ነው።

ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ሰኔ ላይ አዳማ ከተማ ውስጥ መንገድ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለ ኤሲው ድንገት ሙቅ አየር መስጠት ጀመረ። ላብ በላብ ሆንኩ። ሲቀዘቅዝ ራሱ ተመለሰ። በሳምንቱ ደገመው። ጋዝ አልቆ ነው ብዬ ነበር። ጎረቤቴ ጋሼ ከፈቱትና ሳቁ። ክላቹን ሲገጥሙ ከውስጡ የምትገባ ስስ ሮንዴላ አንድ ትርፍ አስገብተዋል። በክላቹ ሳህንና በፑሊው መሀል ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ መሆን ያለበት ክፍተት ሰፍቷል። ማግኔቱ ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። ሮንዴላዋ ወጣች፣ አበቃ። ይሄን በኩሽኔታው ላይ አላላክክም፣ የኛው ጥፋት ነው።

ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት “ጭዊ” የሚል ድምፅም ነበር። እሱ ቺንጋው ነው፣ አርጅቷል። ከገና ጉዞ በፊት እቀይረዋለሁ።

ድጋሚ እገዛዋለሁ? አዎ፣ ሁለተኛውን። ርካሹንስ? እሱን የጎረቤት ልጅ ለምኖኝ ወስዶታል። ከሌሎች ሦስት ጋር እንጨት ላይ ገጥሞ የኮንዶሚኒየሙን ቁልቁለት ይንሸራተትበታል። ከአራተኛ ፎቅ ሆኜ ድምፁን እለየዋለሁ።