የዴልሂ ገበያ፦ ምን ይገዛ፣ ምን ይበላ፣ ምን ይቅር

ለሕክምና ዴልሂ የሚመጣ ሐበሻ ብዙ ነው። ለትምህርት የሚመጣም አለ። አብዛኛው ግን ከሆስፒታል ወደ ማረፊያው፣ ከማረፊያው ወደ ሞል ሲመላለስ ከርሞ ሻንጣውን ሞልቶ ይመለሳል። ሞሉማ ዱባይም አለ! እኔ አክስቴን ለማሳከም አብሬያት መጥቼ፣ ቀጠሮ በሌለበት ቀን ሁሉ ገበያ ለገበያ ስንዞር ነበር። ስለዚህ ይህ ግምገማ የእኔ ብቻ ሳይሆን የእሷም ነው። መርካቶ ያደገች ሴት ናት፤ የማትፈልገውን የሚሸጥላት ነጋዴ ገና አልተወለደም።

መጀመሪያ ስለ ሾፌሮቹ ልናገር። የመሃል ከተማው ገበያ ኮናት ፕሌስ አካባቢ ባጃጅ ስትይዙ ሾፌሩ ከየት አገር እንደመጣችሁ ይጠይቃል፤ ከዚያ «የመንግሥት ሱቅ ላሳያችሁ፣ ዛሬ ቅናሽ ነው» ይላል። የመንግሥት አይደለም። ሰው ባመጣ ቁጥር ኮሚሽን ያገኛል፣ ኮሚሽኑም ዋጋው ላይ ተጨምሮ እናንተው ትከፍሉታላችሁ። እኛንም አንዱ ወሰደን። ሻይ መጣ፣ ምንጣፍ ተዘረጋ፣ «ንጹሕ የካሽሚር ፓሽሚና» (ከፍየል የሚገኝ ስስ ሱፍ) የተባለ ሻርፕ አክስቴ ትከሻ ላይ ጣል ተደረገ። ዋጋውን ስትሰማ ሻይዋን ተረጋግታ ጨረሰችና «ተነስ እንሂድ» አለችኝ። ዋጋው እየወረደ እየወረደ እስከ በሩ ድረስ ተከተለን።

እውነተኛው የመንግሥት ሱቅ ጃንፓት መንገድ ላይ ያለው ሴንትራል ኮቴጅ ኢንዱስትሪስ ኢምፖሪየም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ያለ ሲሆን ከመላው ሕንድ የመጣ የእጅ ሥራ በየፎቁ ተደርድሮ ይሸጥበታል። ዋጋው ተለጥፏል፣ ክርክር የለም። ከውጭ ገበያ ከፍ ይላል፣ ያ የታወቀ ነው። እኔ የምለው ግን በመጀመሪያው ቀን ሄዳችሁ ምንም አትግዙ። ዝም ብላችሁ ንኩ። እውነተኛ ፓሽሚና እጅ ላይ ምን እንደሚመስል፣ የእጅ ጥልፍ ስንት እንደሚያወጣ እዚያ ካያችሁ በኋላ ሌላ ቦታ ማንም አያታልላችሁም። ትንሽ መራመድ ከቻላችሁ ደግሞ ባባ ካራክ ሲንግ ማርግ ላይ የየክልሉ መንግሥት ሱቆች ተደርድረዋል፤ ጸጥ ያሉና ሰው የማይበዛባቸው ናቸው።

ከዚያ ወደ ዲሊ ሃት። የምወደው ቦታ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተ፣ እንደ ገጠር ገበያ የተሠራ ግቢ ነው፤ በሜትሮ አይኤንኤ ጣቢያ ትወርዳላችሁ። የመግቢያ ትኬት አለው፣ ለውጭ ሰው ከሕንዶቹ ይወደዳል፣ አትከራከሩ። ጥሩ የሚያደርገው ባለሙያዎቹ በየጊዜው መቀያየራቸው ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሸጠው ቦታውን ለሌላ ይለቃሉ፣ ስለዚህ ዛሬ ያያችሁትን በሚቀጥለው ወር ላታገኙት ትችላላችሁ። የቢሃር የማዱባኒ ሥዕል፣ የራጃስታን የእንጨት ማኅተም ጨርቅ፣ የላክናው ጥልፍ፣ ሁሉም በአንድ ግቢ። እውነቱን ለመናገር ከሻጮቹ መሃል ሁሉም ሠሪ አይደለም፤ ነጋዴም ገብቶበታል። እንዴት ይለያል?

አክስቴ ስታሳየኝ ቀላል ነው። የላክናውን ቺካንካሪ፣ ማለትም ነጭ በነጭ የሚጠለፈውን ስስ ቀሚስ አነሳችና ፊቱን እንኳን ሳታይ ገለበጠችው። አገር ቤት ስንት የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ያየ ዓይን ነው። የማሽኑ ከውስጥ በኩልም አንድ ዓይነት ነው፣ ስፌቱ ተስተካክሎ የተደረደረ፣ ክሩ ከአበባ ወደ አበባ ሳይቆረጥ የሚሄድ። የእጁ ግን ከውስጥ ትንንሽ ቋጠሮ አለው፣ አንዱ ቅጠል ከሌላው ትንሽ ሰፋ ይላል። ሻጩ ስትገለብጠው ሲያይ ሳቅ አለና ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ክምር አወጣ። ደህናው እዚያ ነበር! በእንጨት ማኅተም የታተመውንም በዚሁ መንገድ እዩት፦ ቅርጾቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ትንሽ መዛነፍ ካለ የእጅ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅንጣት ስሕተት ከሌለው ማሽን ነው። ለሻርፕ ደግሞ አንድ ክር ከጫፉ መዝዘው እንዲያቃጥሉላችሁ ጠይቁ። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፕላስቲክ የሆነው ቀልጦ ይጠነክራል። እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል፣ እለፉት።

አሮጌው ዴልሂ በመኪና አይኬድም። ሜትሮ ያዙ። ቢጫው መስመር ቻንድኒ ቾክ ያወርዳችኋል። መግቢያው ላይ ቦርሳ እንደ ኤርፖርት ይፈተሻል፤ የፊተኛው ፉርጎ ደግሞ የሴቶች ብቻ ነው፣ ለአክስቴ በጣም ተመችቷታል፣ እኔ ግን ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ ተጣብቄ ነበር የምሄደው። ገበያው ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነው፤ ታጅ ማሃልን ያሠራው ሻህ ጃሃን ከተማውን ሲቆረቁር ይህን ጎዳና ያስነደፈችው ልጁ ጃሃናራ ናት። ዋናው መንገድ አሁን ቀን ቀን ለሞተር ተሽከርካሪ ዝግ ስለሆነ በእግር ወይ በሳይክል ሪክሾ ነው። በየቅያሱ አንድ ሙያ ተቀምጧል፦ ኪናሪ ባዛር ወርቃማ ክር፣ ዳንቴልና ዶቃ፣ ዳሪባ ካላን የብር ጌጥ። ልብስ የምታሰፉ ካላችሁ ኪናሪ ላይ ግማሽ ቀን መድቡ። ሌላው ሰው አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

ከመንገዱ ጫፍ፣ ፋቴፑሪ መስጊድ ጋ፣ ካሪ ባኦሊ ይጀምራል፤ ትልቁ የቅመም ጅምላ ገበያ። ሳትደርሱ ማስነጠስ ትጀምራላችሁ። በርበሬው በየማዳበሪያው አፍ ተከፍቷል፣ ሻጩም ያስላል፣ ገዢውም ያስላል፣ ማንም አይገርመውም። ተሸካሚዎቹ ለማንም አይቆሙም፣ ጥጋችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

እዚህ የሚገዛው ሄል ነው። ሻጩ አንድ ፍሬ አንስቶ በጥፍሩ ሰነጠቀልን፤ ውስጡ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው አፍንጫ የሚያስከፍት ዘር። አክስቴ ዝም ብላ ከጎኑ ካለው ርካሽ ማዳበሪያ አንድ አንስታ ራሷ ሰነጠቀች። ዘሩ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ግማሹም ባዶ ነበር። «ይሄንን ለሌላ ሰው ሽጠው» አለችው በአማርኛ፤ ገባው መሰለኝ። ቁንዶ በርበሬ፣ ካሹና አልሞንድም ደህና ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ ድንብላል ሁሉም ሞልቷል፤ ግን አገር ቤት ያለውን ተሸክሞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ትልቁን ጥቁር ካርዳሞም «ኮረሪማ ነው» ብሎ የሚያሳያችሁ አይጠፋም። አይደለም። እሳት ላይ ስለሚደርቅ ጭስ ጭስ ይላል፣ ቅቤ ብታነጥሩበት ቅቤያችሁን ታጣላችሁ። ሳፍሮን ደግሞ ካላወቃችሁት ይቅርባችሁ፣ ማጭበርበሪያ የበዛበት ዕቃ ነው።

አሁን ሆድ። ብዙ ሰው «ሕንድ አገር የጾም ምግብ ሞልቷል» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። የእነሱ ቬጅ ሥጋ የለውም እንጂ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እርጎ ሞልቶበታል። የታሸገ ዕቃ ላይ ቬጅ መሆኑን የሚያሳየው አረንጓዴ ነጥብም ወተትን አይከለክልም፣ ብስኩቱን በእሱ አምናችሁ ረቡዕና ዓርብ እንዳትበሉ። ለጾመኛ የሚያዋጣው የደቡብ ሕንድ ቤት ነው፦ ከሩዝና ከምስር ሊጥ ተቦክቶ የሚጋገር ዶሳ፣ በዘይት ብቻ በሉ፣ ሳምባር ከሚባለው የምስርና የአትክልት ወጥ ጋር። ሊጡ ስለሚቦካ ኮምጠጥ ይላል፤ አክስቴ በእሱ ነው ጾሟን ያሳለፈችው።

ለማይጾም ሰው አሮጌው ዴልሂ ሌላ ዓለም ነው። ፓራንቴ ዋሊ ጋሊ የምትባለው ጠባብ መንገድ ውስጥ ድንች፣ አተር፣ ጎመን የተሞላ ቂጣ በቅቤ ድስት ውስጥ ይጠበሳል፤ በባህሉ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም፣ ግን ከዱባ ወጥና ከተምር ሂንዲ ማባያ ጋር ሲበላ አይጎድለውም። ከባድ ነው፣ አንዱን ለሁለት ተካፈሉ። ዳሪባ ጥግ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ ጃሌቢ፣ ማለትም ተጠብሶ ሽሮፕ ውስጥ የሚነከር ጥምዝምዝ ጣፋጭ የሚሠራው ሱቅ ወፍራምና ትኩስ ነው የሚሰጣችሁ፤ ሽሮፑ ክርን ድረስ ይወርዳል፣ ነጭ ሸሚዝ አትልበሱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ብርድ ወቅት ከመጣችሁ ደግሞ ዳውላት ኪ ቻትን ፈልጉ፦ የወተት አረፋ ነው፣ ሳፍሮንና ስኳር የተነሰነሰበት፣ አፍ ውስጥ ሳይዋጥ ይጠፋል። ጠዋት ነው የሚሸጠው፣ ፀሐይ ሲበረታ ያልቃል።

ጃማ መስጂድ አጠገብ ያለው ካሪምስ የሚባለው ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1913 የተከፈተ ነው። ሥጋው ሐላል ስለሆነ ለአክስቴ የማይታሰብ ነበር፤ ሻይ ይዛ ውጭ ጠበቀችኝ። ሙስሊም አንባቢዎች ግን እንዳትዘሉት፣ በተለይ ጠዋት ላይ የሚቀርበውን ኒሃሪ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲበስል ያደረ ሥጋ። የበሬ ሥጋ ፍለጋ ግን በከንቱ አትድከሙ፣ ዴልሂ ውስጥ ከብት ማረድ በሕግ የተከለከለ ነው። ውኃ የታሸገ ሃይላንድ ብቻ፣ ክዳኑ ሲከፈት ቀጭ ማለቱን ስሙ። መንገድ ላይ ጥሬ የተከተፈ ነገር ይቅር፤ ዓይናችሁ እያየ ከዘይት የወጣ ነገር ግን ብሉ።

ሳሮጂኒ ናጋር? ወጣቶቹ በጣም ያወሩለታል። ከኤክስፖርት የተረፈ ልብስ በርካሽ ይሸጣል። ቁልፍ የጎደለው፣ ስፌቱ የተተረተረው ይበዛል፣ መለኪያ ክፍል የለም፣ ግፊያው አይጣል ነው። በግማሽ ዋጋ ጀምራችሁ ተከራከሩ። ለእኔ ከአሥር አራት።

ጥሬ ገንዘብ በትንንሽ ኖት ያዙ፤ ሻይ ሻጩ ሳይቀር ክፍያ የሚቀበለው በስልክ በሚነበብ ኮድ ነው፣ የሕንድ ባንክ ሒሳብ ለሌለው ግን ያስቸግራል። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል፣ በኅዳር ገደማ አየሩ በጭስ ይታፈናል፤ ምርጫ ካላችሁ የካቲትና መጋቢት ኑ። እሑድ አሮጌው ዴልሂ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፣ ሳሮጂኒ ሰኞ አይከፍትም፣ ዲሊ ሃት ግን ሁሌም ክፍት ነው።