ሁለት ኮርቬት፦ የቶርክ ቁጥጥሩ የተነሳለት ይሻላል ወይስ ያልተነካው?

ባለፈው ክረምት ደንቨር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም የሁለት መኪና ፎቶ ላከልኝ። ሁለቱም ሲ5፣ ማለትም አምስተኛው ትውልድ ኮርቬት የሚባለው የአሜሪካ የስፖርት መኪና፣ ሁለቱም ኦቶማቲክ፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ። «ጋሼ፣ ቀዩ የቶርክ ቁጥጥሩ ተነስቶለታል፣ በድራግ ውድድር ሰዓቱ ይቀንሳል ይላሉ። ብርማው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። የቱን ልግዛ?»

እኔ ጅማ ውስጥ ካምቢዮ ስፈታና ስገጥም የምውል ሰው ነኝ። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ጠባይ ደግሞ ኮርቬት ላይም ሆነ እኛ ጋ በሚመጡት ቶዮታዎች ላይ ያው ነው። ወንድሜን ያስረዳሁትን እዚህ የጻፍኩት፣ ውጭ አገር ሆናችሁ እንዲህ ዓይነት መኪና የምትገዙም፣ እዚሁ ሆናችሁ «ኮምፒውተሩን አስነካው» የምትባሉም ስላላችሁ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በኦቶማቲክ መኪና ወደ ጅሬን አቀበቱን ስትወጡ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ርገጡት። ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ለቅጽበት ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ መልሶ ይለቃል። ያቺ ቅጽበት የቶርክ፣ ማለትም የሞተሩ የማዞር ጉልበት፣ ቁጥጥር ናት። ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፣ አንዳንዴም የአየር መግቢያውን ይዘጋል፤ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (ማርሹን የሚይዙት ስስ ሳህኖች) በሙሉ ጉልበት እየተፋተጉ እንዳይያያዙ ነው። ከቆመበት ሲነሳም እንዲሁ ያደርጋል። ብዙ ሰው ይህን ከጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያው ጋር ያምታታዋል። የመንሸራተቱን በቁልፍ ታጠፉታላችሁ። የቶርክ ቁጥጥሩ ግን ቁልፍ የለውም፣ በላፕቶፕ ነው የሚነካው።

ቀዩ መኪና ይህ ሁሉ ተነስቶለታል። ታዲያ በድራግ ውድድሩ ቀጥ ያለ 402 ሜትር ላይ ምን ያተርፋል? ጎማው መሬቱን ከያዘ፣ አንድ ወይም ሁለት አስረኛ ሴኮንድ ብል ይበቃል። ትንሽ አይደለም። መኪናው መጨረሻው ላይ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲበር አንድ አስረኛ ሴኮንድ ማለት ከአራት ሜትር በላይ ነው፤ የራሱ የኮርቬቱ ርዝመት ማለት ይቻላል። የሞተሩ ጉልበት ግን አልጨመረም። ስለዚህ ሻጩ የውድድር ወረቀት ካሳያችሁ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውን ፍጥነትም እዩ። ሰዓቱ ቀንሶ ፍጥነቱ ያው ከሆነ ትርፉ የመጣው ከአነሳሱና ከማርሽ ቅያሬው ነው። ፍጥነቱም በደንብ ከጨመረ ሌላ የተነካ ነገር አለ፣ ጠይቁ።

ወንድሜ ያላሰበው ከፍታውን ነው። ደንቨር አጠገብ የነበረው ባንዲሜር የሚባለው የድራግ ሜዳ፣ በ2023 የተዘጋው፣ 1,768 ሜትር ላይ ነበር። ጅማ ከተማ ማለት ነው፣ እኛም እዚያው አካባቢ ነን! በዚህ ከፍታ ተርቦ የሌለው ሞተር በቀጭኑ አየር ምክንያት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በባሕር ጠለል 13 ተኩል ሴኮንድ የሚገባ መኪና በእኛ ከፍታ ወደ 14 ተኩል ይሄዳል። የቶርክ ቁጥጥሩን ማንሳት ከዚያ አንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚመልሰው ጥቂቱን ነው።

ከፍታው ግን ለካምቢዮው ይራራል። የተዳከመ ሞተር ፍሪሲዮኖቹን ያን ያህል አያሠቃይም። ቀዩ መኪና ደንቨር ላይ ሳይሰበር ቆየ ማለት ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ወንድሜ አንድ ቀን ወደ ቆላ ወርዶ ሲወዳደር ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል፣ ያን ጊዜ መሐል ገብቶ የሚያበርድ የለም።

ስንት ጉልበት እንደሚያልፍ በቁጥር እንየው። ከ1997 እስከ 2000 የተሠራው ሲ5፣ 5.7 ሊትሩ ሞተር፣ 475 ኒውተን ሜትር ቶርክ አለው። የካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ይህን በ3.06 ያበዛዋል፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በ2.73። አባዙት፤ ጎማው ዘንድ ሲደርስ ወደ 4,000 ኒውተን ሜትር ይጠጋል፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው) መኪናው ሲነሳ የሚጨምረውን ሳንቆጥር።

ያ የዲፈረንሻል ቁጥር ራሱ ለገዢ ከቶርክ ቁጥጥሩ የበለጠ ይናገራል። ኦቶማቲኩ በ2.73 ወይም በ3.15 ነው የሚመጣው። በ2.73 ሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ሲደርስ፣ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ በዚያ ከፍታ 402 ሜትሩን በአንድ የማርሽ ቅያሬ ብቻ ይጨርሰዋል። ቁጥጥሩን ያነሳችሁለት ለአንዲት ቅያሬና ለአነሳሱ ነው። በ3.15 ሁለተኛው ወደ 150 አካባቢ ያበቃል፣ ሁለት ቅያሬ አለው፣ ግን ከመነሻው ጀምሮ መኪናውን አጥብቆ ይገፋዋል። ቀዩ 2.73፣ ብርማው 3.15 ሆነው ተገኙ። እኔ ከዚህ በኋላ ብዙም አላመነታሁም።

ጎማም አለ። ያረጀ ጎማ ላይ ቁጥጥሩን ብታነሱ መኪናው ጭስ እያወጣ ባለበት ይሽከረከራል፣ ሰዓቱ እንዲያውም ይረዝማል። ያው ገንዘብ ለኋላ ሁለት ጥሩ ጎማ ቢወጣ የበለጠ ይመልሳል።

ስለ ካምቢዮው የምፈራውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ደንበኛችን ያገለገለ ፒካፕ ገዝቶ መጣ፤ የቀድሞው ባለቤት ማርሹ «ቆፍጠን» እንዲልለት የሆነ ቦታ አስነክቶት ኖሯል። ስፈታው ፍሪሲዮኖቹ ምጣድ ላይ እንደተረሳ እንጀራ ጠቁረው ልባሳቸው በጥፍር ይነሳ ነበር። ቁጥጥሩን ቀንሰው የዘይቱን ግፊት ግን አልጨመሩለትም። ግፊቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ቶሎ አይነክስም፣ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ሲ5 ላይ ደግሞ ካምቢዮው ያለው ከኋላ ነው፣ ከዲፈረንሻሉ ጋር። ለማውረድ የኋላውን እግር በሙሉ መፍታት ነው፣ የእጅ ዋጋው ብቻውን ያስደነግጣል።

እንደ ቀዩ ያለ ለሚፈልግ ግን መንገድ አልዘጋም። መኪናው ለውድድር ብቻ ከሆነ፣ ሻጩ የድሮውንም የአዲሱንም የኮምፒውተር ፋይል ከሰጠ፣ የዘይት ግፊቱ መጨመሩ ፋይሉ ላይ ከታየ፣ ካምቢዮው በተጠናከረ ፍሪሲዮን ስለመታደሱም ደረሰኝ ካለ፣ ይግዛው። ሁሉም በአንዴ የተነሳበትን ሳይሆን በመጠኑ የተቀነሰበትን ይምረጥ።

ኤሌክትሪክ መኪና ለምትጠይቁኝ የጅማ ልጆች፦ በአብዛኛው የሚቀየር ማርሽ የለውም፣ ጉልበቱን የሚመጥነው ራሱ መቆጣጠሪያው ነው፣ አታስነኩት። ቤንዚኑንም ቢሆን በአጋሮ መንገድ ላይ አትሞክሩት፤ ባጃጁም አህያውም ሕፃኑም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ወንድሜ ብርማውን ከመግዛቱ በፊት አንድ ነገር አዘዝኩት። ሲ5 የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም፣ መኪናው ተነስቶ ቡሎን ተከፍቶ ነው የሚታየው። ጋራዥ አስገብቶ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጥቦ ፎቶውን ላከልኝ። ቀይ ነበር፣ የሚያሳይ ቀይ። «ሽታውስ?» አልኩት። «ምንም አልተቃጠለም፣ ጋሼ» አለኝ። ክፈል አልኩት።