በአየር የሚነፋው ካያክ ከውሻ ጋር፤ በሎጎና በአርዲቦ ዳርቻ የአንድ ዓመት ሙከራ

ደሴ ላይ ተቀምጦ ጀልባ መግዛት ቅብጠት ይመስላል፤ ካርቶኑ ግቢ ውስጥ ሲከፈት ጎረቤቶቼ ያሉኝም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሆኖም በወልዲያ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ ሰው፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውንና ብዙዎች ሎጎ የሚሉትን ሐይቅ ከፊቱ ተንጣሎ ስለሚያገኘው ነገሩ ያን ያህል የሚያስገርም አይደለም። እኔም ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ በኢንተርኔት ከሚሸጥ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ፣ በአየር የሚነፋ ባለ ሁለት መቀመጫ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ ገዝቼ፣ አንበሶ ከሚባለው ውሻዬ ጋር በሎጎና በአቅራቢያው ባለው በአርዲቦ ሐይቅ ዳርቻዎች እያደርኩ ዓመት ሙሉ ቀዝፌበታለሁ።

ነጋዴው በማስታወቂያው ላይ «ለሁለት ሰውና ለአንድ ውሻ ይበቃል» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ከካርቶኑ የወጣው የአምራቹ መመሪያ ግን ጀልባው እስከ 160 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ከመግለጽ በቀር ስለ ውሻ አንዲት ቃል አይናገርም። የክብደቱ ነገር እውነት ነው፤ እኔ 72፣ አንበሶ 21፣ ድንኳኑና ስንቁ 15 ኪሎ ግራም ያህል ሆነን ስንሳፈር የጀልባው ጎን ከውኃው በላይ በደንብ ከፍ ብሎ ይቀራል። የሚያንሰው ቦታው ነው፤ ሁለቱ መቀመጫዎች እንዳሉ ከሆኑ ውሻ የሚተኛበት ስንዝር ታህል ስፍራ አይገኝም። የፊተኛውን መቀመጫ ነቅሎ ቤት መተውና ውሻውን ከእግር ፊት ለፊት ማስተኛት ግድ ስለሆነ፣ ገዢው ይህን ጀልባ ለአንድ ሰውና ለአንድ መካከለኛ ውሻ የተሠራ አድርጎ ቢያስበው ይሻለዋል፤ ባልና ሚስት ከነውሻቸው እንሳፈርበት ቢሉ የሚበቃቸው ለፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ የወለሉ አሠራር ነው። ወለሉ ጎን ለጎን ከተደረደሩ ሦስት የአየር ቱቦዎች የተሠራ በመሆኑ ለሰው መቀመጫ ይመቻል፤ የውሻ እግር ግን በቱቦዎቹ መካከል ይሰምጣል፣ እግሩ የሰመጠ ውሻ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ይነሣል፣ ሲነሣም ጀልባው ያዘነብላል። በመጀመሪያው ጠዋት ከዳርቻው ሃምሳ ሜትር እንኳ ሳንርቅ ከፊላው ውስጥ ሁለት ይብራዎች ብር ብለው ሲነሡ፣ አንበሶ የፊት እግሮቹን በጎኑ ቱቦ ላይ ሰቅሎ ይጮህ ጀመር፤ እኔም መቅዘፊያውን ለቅቄ ጅራቱን ያዝኩ። ባንገለበጥም እስከ ወገቤ ራስኩ፣ መቅዘፊያውንም በእጄ እየቀዘፍኩ ሄጄ ነው ያመጣሁት። ደሴ ተመልሼ ለስፖርት ከሚሸጠው ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ በወለሉ ልክ ቆርጬ ካነጠፍኩ በኋላ ውሻው ቀጥ ብሎ መቆም ቻለ፤ መቆም ሲችል ደግሞ መተኛት ጀመረ። የተነፋውን ጀልባ ግቢ ውስጥ ሣር ላይ አስቀምጬ አንድ ሳምንት ሙሉ ምሳውን እዚያው ውስጥ ማብላቴም ሳይረዳኝ አልቀረም።

የውሻ መንሳፈፊያ ጃኬት ደሴ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ ከአሮጌ የመኪና መቀመጫ ቀበቶና ውኃ ከማይመጥ ስፖንጅ እንዲሰፋልኝ ስጠይቀው፣ ሜትሩን ወደ እኔ እየዘረጋ «ጋሼ፣ ልኩን እርስዎ ይለኩት፤ ስፌቱ የእኔ ነው» አለኝ። ከጀርባው በኩል ያሰፋሁት እጀታ ከጃኬቱም በላይ ጠቅሞኛል፤ ውኃ ውስጥ የወደቀን ውሻ ከጀልባው ሳይነሡ አንጠልጥሎ ለማውጣት ሌላ መያዣ የለም። የሎጎ ጥልቀት በአንዳንድ ቦታ 80 ሜትርን ስለሚያልፍ እኔም የራሴን ጃኬት ሳልታጠቅ አልገባም።

የውሻ ጥፍር ጀልባውን አይቀድደውም ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ጥፍሩን በየሁለት ሳምንቱ ስለምቆርጥለት በዓመቱ ውስጥ ጭረት እንጂ ቀዳዳ አላመጣም። የበሳው የግራር እሾህ ነው፤ ጥር ላይ አርዲቦ ዳር ጀልባውን መሸከም ሰልችቶኝ ሣሩ ላይ ስጎትተው የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ከሥሩ ተከፈተች። ሻጩ «ተሟልቷል» ያለው የጥገና ቁሳቁስ ካርቶኑ ውስጥ ስላልነበረ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ ጎሚስታ ወሰድኩት፤ እሱም በጥንቃቄ ፍቆ ላስቲክ በማስቲሽ ለጠፈበት፣ በሁለተኛው ቀን ግን ጠርዙ ተነሣ። ጥፋቱ የጎሚስታው አልነበረም፤ ለካላማዳሪ የሚሆነው ማስቲሽ ለስላሳ ፒቪሲ ላይ አይጸናም፣ በእሳት የሚጋገረው ልጣፍ ደግሞ ፒቪሲውን ያቀልጠዋል፣ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ማጣበቂያም ለደረቁ ፒቪሲ የተሠራ ስለሆነ ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል። የሚይዘው ለጀልባ ጨርቅ የተሠራው ማጣበቂያና ከዚያው ዓይነት ጨርቅ የተቆረጠ ልጣፍ ሲሆን፣ ሁለቱም ገጾች በአልኮል ተጠርገው ከተጣበቁ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ከባድ ነገር ተጭኗቸው መዋል አለባቸው። ይህን ከአዲስ አበባ እስካስመጣ ሦስት ሳምንት ከውኃ ርቄያለሁ።

ፓምፑ ሲገፋም ሲሳብም የሚነፋ በመሆኑ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ሥራውን ይጨርሳል። የግፊቱ ነገር ግን ለእኛ አገር ሰው ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ሎጎ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል፣ ደሴ ላይ ተወጥሮ በፒክአፕ ተጭኖ የወረደ ጀልባ ከሐይቁ ሲደርስ ረግቦ ይገኛል፤ ከውጭ ያለው የአየር ግፊት ጨምሯልና። በአንጻሩ ጠዋት በብርድ ተነፍቶ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ የተተወ ጀልባ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ስፌቱ እስኪጨነቅ ይወጠራል። ስለዚህ የምነፋው ውኃው ዳር ነው፤ ለምሳ ስወጣም ከእያንዳንዱ ቫልቭ ጥቂት አየር አስተነፍሳለሁ።

በሐይቆቹ ዳርቻ ድንኳን ተክሎ ማደር በነጻ ነው፤ ይህን ስል ግን ቲኬት የሚቆርጥ የለም ማለቴ እንጂ ቦታው ባለቤት የለውም ማለቴ አይደለም። ዳርቻው የገበሬ ማሳና የከብት ግጦሽ ስለሆነ፣ ድንኳን ከመትከል በፊት የአካባቢውን ጸጥታ ማጣራት፣ ለቀበሌው ማሳወቅና ባለ መሬቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ የማርፍበት ቦታ ባለቤት የሆኑት አዛውንት ገንዘብ አንቀበልም ስላሉኝ ስኳርና ቡና ይዤ እሄዳለሁ፤ የሰጡኝ ትእዛዝም አንድ ብቻ ነው፦ «እረፍ ልጄ፣ ውሻህን ግን ከመስገጃችንና ከውኃ መቅጃችን አርቅልን።» ውሻ ይዞ ለሚመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም። አንበሶ ሰው ባለበት ከገመዱ አይፈታም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ ይወስዳል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባለበት ልሳነ ምድር በኩል ስንቀዝፍ ደግሞ ርቀን እናልፋለን፤ ገዳሙን መሳለም ስፈልግ ውሻውን ደሴ ትቼው እመጣለሁ። ሌሊት ጅብ ስለሚጮህ አንበሶ የሚያድረው ድንኳኑ ውስጥ ነው፤ እርጥብ የውሻ ሽታ መቻል ግን ለሁሉም ሰው የተሰጠ ጸጋ አይመስለኝም።

ለመቅዘፍ የሚመቸው ከንጋት እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ከቀትር በኋላ በተደጋጋሚ የሚነሣው ነፋስ ይህን የመሰለ ቀላል ጀልባ እንደ ቅጠል ይገፋዋል፤ የሚያጋጥሙትን ሞገዶች ለማለፍም ሁለት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ቀንድ አውጣ በሚበዛበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው እኩለ ቀን አካባቢ በመሆኑም፣ በዚያ ሰዓት በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መቆም አይገባም። አርዲቦ ከሎጎ ያነሰና ጸጥ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ውሻ እሱን እመርጣለሁ፤ መንገዱ ግን ለትንሽ መኪና አይራራም።

ጀልባውን በድጋሚ እገዛው እንደሆነ ብጠየቅ እገዛዋለሁ እላለሁ፤ ግን ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ዓይነት ካገኘሁ ልዩነቱን ከፍዬ ያንን እወስዳለሁ። ከሆዱ ሥር የምትገባው አቅጣጫ መጠበቂያ ክንፍ ከሌለች ጀልባው በየቅዝፈቱ ይሽከረከራል፤ የክንፏ የፕላስቲክ መቆለፊያ ደግሞ በሦስተኛው ወር ተሰብሮ አሁን በሲባጎ ታስሮ ነው የሚሠራው። ለሻጩ ስለ መቆለፊያውም ስለ ጥገናው ቁሳቁስም ሦስት ጊዜ ጽፌለት ሦስቱንም ጊዜ «ይላካል» ብሎኛል፤ ይኸው ጥቅምት አልፎ ጥቅምት መጥቷል።