ሰንጋ ተራ፣ የሚርገበገብ ቁርጥ

ሰንጋ ተራ ሰንጋው ሄዶ ስሙ የቀረ ሰፈር ነው፤ ዙሪያው ባንክ ሆኗል። ከኋላ በኩል ግን አንዲት ጠባብ ሥጋ ቤት አለች። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከወዳጄ ጋር ገባንና ግማሽ ኪሎ ቁርጥ አዘዝን። ቆራጩ «ገና አሁን ነው የገባው ጋሼ» አለኝ። አልዋሸም፤ ትሪው ላይ ሲያስቀምጠው የሥጋው ጫፍ ይርገበገብ ነበር።

ወዳጄ እጁን ሰበሰበ። «ኧረ ይሄ አልሞተም!»

22 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ይህን ማለት አልነበረበትም። በሬው ቆሞ ሲሄድ ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም በነርቭ ይወርዳል፤ ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይለቀቅና ጡንቻው ይኮማተራል። ሲታረድ ትእዛዙ ይቀራል እንጂ የጡንቻው ስንቅ፣ ኤቲፒ የምንለው፣ ወዲያው አያልቅም። ስለዚህ ቢላዋ ሲነካው ወይም የሚጥሚጣው ጨው ሲያርፍበት ይንፈራገጣል። ጣሊያናዊው ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ እንደሚወራጭ እ.ኤ.አ. በ1791 ጽፎ አሳትሟል። እኛ በሚጥሚጣ አየነው።

«ታዲያ ለምን አይጮህም?» አለኝ ሊያፌዝብኝ። ጥያቄው ግን የተማሪ ጥያቄ ነው፤ ወደድኩት። ድምፅ በአንድ ጡንቻ አይወጣም። ሳንባ አየር ሲገፋ የማንቁርት ትንንሽ ጡንቻዎች በልኩ መወጠር አለባቸው፤ ይህን የሚያስተባብረው አንጎል ነው። ለአብዛኞቹ ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ ደግሞ መንገዱ ጠማማ ነው፦ አንገትን አልፎ ደረት ድረስ ይወርድና ተመልሶ ወደ ማንቁርት ይወጣል።

ወደ ሥጋው ልመለስ። ጭቅናው ቅቤ ነው፤ በሕይወት ሳለ ብዙ የማይሠራ ጡንቻ ስለሆነ ሁሌም ለስላሳ ነው። ሻኛው ጮማው በዝቷል። ሰናፍጩ አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ አዋዜው ግን ውሃ ነው። ዱካዎቹ ለጉልበቴ አልተመቹም።

ባለፈው ወር ከዚህችው ቤት አንድ ኪሎ እየተርገበገበ ወስጄ በቀጥታ ፍሪጅ ከተትኩት። በማግስቱ ጎማ ሆኖ አገኘሁት። ልጣላ መጥቼ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የኔው ነው። ጡንቻ ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመላቀቅም ኤቲፒ ይፈልጋል። ስንቁ ሳያልቅ ብርድ ሲመታው አጥብቆ ይኮማተራል፤ ስንቁ ሲያልቅ እንደተኮማተረ ይቆለፋል። ለተማሪ ስንቴ የነገርኩት! አሁን ትኩሱን እዚያው እበላለሁ፣ ለጥብስ ያደረውን እጠይቃለሁ።

መርገብገቡ ትኩስ መሆኑን እንጂ ኮሶ እንደሌለበት አይነግርም። እኔ መጀመሪያ የማየው የቄራውን ማኅተም ነው፤ እዚህ ቤት ተሰቅሎ ያየሁት ሥጋ ሁሉ ማኅተም አለው።

ወዳጄ መርገብገቡ እስኪያቆም ጠበቀ። ከዚያ ከኔ የበለጠ በላ።