ቦክሰር ቡችላ ለምትፈልጉ የሐዋሳ ሰዎች፦ እኔ የገዛሁበት ግቢ

ሰው ዳማን መንገድ ላይ ባየ ቁጥር «ከየት አመጣሻት?» ይለኛል፤ ስለዚህ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ዳማ የቦክሰር ዝርያ ናት። ሴት ናት፣ ቀለሟ እንደ ስሟ ዳማ፣ ደረቷና የእግሮቿ ጫፍ ነጭ። ያገኘኋት ወደ አላሙራ በሚወስደው በኩል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ አንድ ግቢ ነው። ሱቅ አይደለም፣ ታፔላም አልተሰቀለበትም። ጡረታ የወጡ አባትና ባለቤታቸው ቦክሰርና ፐግ ያረባሉ፤ በዓመት የሚሸጡትም ጥቂት ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስለማይፈልጉ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አስተያየቴን ከፊት ላስቀምጥ፦ ሐዋሳ ውስጥ ከማንም ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት እዚህ ግቢ ሄዳችሁ እዩ። ባትገዙ እንኳ ቡችላ እንዴት መሸጥ እንዳለበት ታያላችሁ።

የሄድኩት ፐግ ፍለጋ ነበር። ልጆቼ ስልክ ላይ አይተው መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኝ ነበር። እውነትም ፐግ ገና ሲያዩት ያስቃል፤ ግንባሩ የተጨማደደ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ጭራው ጀርባው ላይ የተጠቀለለ፣ ተኝቶ ግቢውን በማንኮራፋት የሚሞላ ትንሽ ውሻ ነው። ጋሼ ግን ከመሸጣቸው በፊት ጥያቄ ያበዛሉ።

«ቤትሽ ኮርኒስ አለው?» አሉኝ።

«የለውም ጋሼ፣ ቆርቆሮው ባዶውን ነው።»

«እንግዲያው ፐግ አልሰጥሽም የኔ ልጅ። የመጋቢት ፀሐይ ይገድልብሻል።»

ከዚያ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። አፍንጫው የተደፈጠጠ ዝርያ የአየር መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ በሙቀት ቀን ቢያለከልክም በቂ አይሆንለትም። የእሳቸው ፐጎች የሚውሉት ጥላ ባለው በረንዳ ላይ ነው፤ ሲሚንቶውን በሞቃት ቀን ውኃ ያርከፈክፉበታል። ሊሸጡ የሚችሉትን ውሻ ለገዢው ቤት አይሆንም ብለው ሲከለክሉ ሳይ እዚያው አመንኳቸው።

ልጆቼ ሲያኮርፉ ጋሼ የፐግን ታሪክ ነገሯቸው። ዝርያው መነሻው ቻይና ነው፤ በነጋዴ መርከብ አውሮፓ ደርሶ በኔዘርላንድ ቤተ መንግሥት ተወዳጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1572 የኔዘርላንዱ ልዑል ዊልያም ጦር ሰፈር ውስጥ ተኝቶ ሳለ ጠላት በሌሊት ሲመጣበት፣ ፖምፔ የሚባል ውሻው ፊቱ ላይ ዘሎ ቀስቅሶ አዳነው ይባላል። ልጄ እስከ ዛሬ ታሪኩን ለጓደኞቿ ትተርካለች።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ቀን ቀን ቤት ማን ይውላል?» የሚል ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የምሰፋውም ቤቴ ውስጥ ነው። ግቢዬ የታጠረ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እናቴም አብራን ናት። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ። «እንዲህ ከሆነ ቦክሰር ውሰጂ። ሰው አጠገቡ ካለ ደስተኛ ነው። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ውሻ ከፈለግሽ ግን ሌላ ቦታ ሂጂ።»

ቡችሎቹን ያሳዩኝ ከዚህ በኋላ ነው፤ ከእናታቸው ጋር፣ ያውም ከአያታቸው ጋር። አያትየዋ አፏ ዙሪያ ሸብታለች፣ ግን አሁንም ኳስ ይዛ እየመጣች እግራችን ስር ትጥላለች። ጋሼ ሆን ብለው ነው የሚያሳዩአት፤ ቦክሰር የልብ በሽታና ካንሰር የሚበዛበት ዝርያ ስለሆነ፣ ዘሩ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖር ገዢው በዓይኑ እንዲያይ ይፈልጋሉ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው ልቤን የወሰደው። ከቡችሎቹ አንዱ ነጭ ነበር። ጋሼ የድስት ክዳን ይዘው ከኋላቸው መጡና ሲሚንቶው ላይ ጣሉት። ሌሎቹ በአንድ ጊዜ ዘለሉ፤ ሁለቱ እናታቸው ሆድ ስር ገቡ፤ ኋላ ዳማ የሆነችው ደግሞ ሄዳ ክዳኑን አሸተተችና በፊት እግሯ መታችው። ነጩ ግን የልጄን የጫማ ማሰሪያ ማኘኩን አላቋረጠም። ቀና ያለው ወንድሞቹ ሲራወጡ አይቶ ነው፤ ለምን እንደሚሮጡ ሳያውቅ ከሁሉም በልጦ ሮጠ።

«ይሄ አይሰማም፣ አይሸጥም» አሉ ጋሼ። በቦክሰር ውስጥ ነጭ ቡችላ ብርቅ አይደለም። ለቆዳና ለጠጉር ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት በውስጠኛው ጆሮም ሥራ ስላላቸው፣ ከነጮቹ መሃል መስማት ሳይችሉ የሚወለዱ አሉ። «ልዩ ነጭ ቦክሰር» ብሎ አስወድዶ የሚሸጥ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን በእጅ ምልክት እያስተማሩ አስቀርተውታል። ባለፈው ሄጄ ሳየው እጃቸውን ወደ መሬት ሲያወርዱ ቁጭ ይላል።

ዳማን የሰጡኝ ስምንት ሳምንት ሲሞላት ነው። ቀደም ብዬ ልውሰዳት ብልም እምቢ አሉኝ። ቡችላ ንክሻውን መለካት የሚማረው ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር ሲታገል ነው፤ ጠንከር አድርጎ ሲነክስ ሌላው ይጮህና ጨዋታው ይቆማል። ያለ ጊዜው የተለየ ቡችላ ይህን ትምህርት ሳይጨርስ ይመጣና የልጅ እጅ ላይ ይማረዋል። የክትባት ካርዷ ላይ የብልቃጡ ስያሜ ራሱ ተልጦ ተለጥፏል፣ ቀኑና የሐኪሙ ፊርማ አለ፤ ቀጣዩ የፓርቮ (ቡችላን በትውከትና በተቅማጥ የሚገድል በሽታ) ክትባትና በሦስት ወሯ የምትወስደው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መቼ እንደሆነም ተጽፏል። አንዲት ጎረቤቴ ሌላ ቦታ ያለ ካርድ የገዛችው ቡችላ ወዲያው በፓርቮ ሞቶባታል። ስለዚህ የትም ግዙ፣ ካርድ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

ስለ ዝርያው ራሱ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቦክሰርን በፊቱ ብቻ ይፈርደዋል። ፊቱ ኮስታራ ነው፤ የታች መንጋጋው ወጣ ያለ፣ ከንፈሩ የተንጠለጠለ። ጀርመኖች ያወጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቡለንባይሰርና ከእንግሊዝ ቡልዶግ አዳቅለው ነው። ቡለንባይሰር አዳኙ እስኪደርስ ድረስ የዱር አሳማን ነክሶ የሚይዝ ውሻ ነበር። ቦክሰርም ጀርመን ውስጥ ቀድመው ለፖሊስ ሥራ ከተመረጡት ዝርያዎች አንዱ ነው። በዚህ ሁሉ ጀግንነት ላይ ታዲያ እስከ ሦስት ዓመቱ ድረስ ሙሉ በሙሉ አይበስልም። ወንዱ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን አካል ውስጥ የቡችላ ጠባይ ይዞ ይቆያል ማለት ነው።

ዳማ ደስ ሲላት ወገቧ ይታጠፋል፤ እንደ ቅንፍ ሆና፣ አፍንጫዋና ኋላዋ ሊገናኙ ትንሽ ሲቀራቸው በጎን እየተራመደች ትመጣለች። ስናናግራት ግንባሯን አጨማድዳ አንገቷን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ታዘነብላለች። የፊት እግሯን እንደ እጅ ትጠቀምበታለች፤ በር ታንኳኳለች፣ ጣሳ ትገለብጣለች፣ ትኩረት ከነፈጓት ጉልበት ትመታለች።

ከሁሉ የምወድላት የሜትሩን ጨዋታ ነው። ደንበኛ ልክ ልታስለካ መጥታ በረንዳ ላይ ስንቆም፣ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩት አለቀ። በከንፈሯ ጫፍ ቀስ አድርጋ ትስበውና ወደ ጓሮ ትሮጣለች፤ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ቆማ ዞር ትላለች። ማንም ካልተከተላት ተመልሳ መጥታ እግሬ ስር ታስቀምጠዋለች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፣ ደረቷን መሬት አስነክታ ኋላዋን ሽቅብ ታደርጋለች። እጄን ስዘረጋ ላፍ አድርጋው ትሄዳለች። ለሙሽራ ቀሚስ ልክ ልታስለካ የመጣች ልጅ በሳቅ ብዛት ወገቧን መለካት አቅቶኝ ቁጭ ብለን ጠብቀናል።

እማዬ «ውሻ ደጅ እንጂ ቤት አይገባም» የምትል ሰው ናት፤ ደንቧም አልተሻረም። ዳማ ከደጃፉ አታልፍም። ቡና ሲፈላ ግን አገጯን ደፉ ላይ አስደግፋ ትተኛና ከአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች፣ እማዬ እስክታያት ድረስ። እማዬም ጨው ያልገባበት ፈንዲሻ አንድ አንድ እያለች ትወረውርላታለች። ዳማ በአየር ላይ ልትቀልበው ትዘላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ፈንዲሻው ግንባሯን ይመታታል። እማዬ እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

አንድ ጠዋት በማሰሪያ ይዣት አሞራ ገደል ወርጄ ነበር። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ታውቃላችሁ፤ ቁመታቸው እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ዳማ አንዱ ፊት ቆማ ደረቷን ዝቅ አድርጋ ለጨዋታ ጋበዘችው። ወፉ አላያትም። በፊት እግሯ አሸዋውን መታች፤ አሁንም አላያትም። ወፉ ምንቃሩን አንዴ ካጋጨ በኋላ ግን እግሬ ኋላ ገብታ ራሷን ብቻ አውጥታ ማየት ጀመረች። ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች ቢላቸውን ትተው ይስቁ ነበር።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጨዋታ ካለ ቤት ትጠብቃለች ወይ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ትጠብቃለች። ያለ ምክንያት አትጮህም፤ በር ሲንኳኳ ግን ሄዳ በልጆቹና በበሩ መሃል ትቆማለች፣ ሰውየውን እስካናግረው ድረስም ዓይኗን አትነቅልም። ጎረቤቶቼ ከጩኸት ይልቅ ይህን ዝምታዋን ይፈሩታል።

ሥራዋ ግን ቀላል አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ማታ ደግሞ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ መውጣት አለባት። ያልወጣችበት ቀን ከጨርቅ ጥቅሎቼ አንዱ ይጎተታል። ለሃጯ ቀሚስ ያበላሻል፣ ማንኮራፋቷም ከግድግዳ ወዲያ ይሰማል። በሙቀት ስታለከልክ ድምፅ ካወጣችና ምላሷ ከጠቆረ ሆዷንና እግሮቿን በቀዝቃዛ ውኃ አርሶ እያናፈሱ ወደ ሐኪም መውሰድ እንደሚያስፈልግ ጋሼ አሳይተውኛል።

ምግቡ ላይ ጠንካራ ናቸው። የወጥ ፍርፋሪ ክልክል ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሆንም። የተቀቀለ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። እኔ ከልኳንዳ ሳንባና ጨጓራ ወስጄ ቀቅዬ ከሩዝ ጋር እሰጣታለሁ፤ የሰፈራችን ልኳንዳ በሁዳዴ ሲዘጋ ቆሮሶ ቀቅዬ እሾሁን እለቅምላታለሁ። በቀን ሁለቴ ትበላለች፣ ከበላች በኋላ አናስሮጣትም፤ ደረተ ጥልቅ ውሻ ጨጓራው ሊነፋና ሊጠማዘዝ ይችላል።

ያልወደድኩትንም ልናገር። ጋሼ ጆሮ አያስቆርጡም፤ ገዢ ቢለምናቸውም አሻፈረኝ ይላሉ፣ በዚህ አከብራቸዋለሁ። የቡችሎቹን ጭራ ግን በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ ያስቆርጣሉ። የዝርያው አገር ጀርመን እንኳ ጆሮ መቁረጥን እ.ኤ.አ. በ1987፣ ጭራን ደግሞ በ1998 ከልክላለች። ዳማ ደስታዋን የምትገልጸው በጉማጇ ስለሆነ መላ ሰውነቷ ይወዛወዛል፤ ሰው ይስቃል፣ እኔ ግን ባይቆረጥባት እመርጥ ነበር። ይህንን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ «አስብበታለሁ» ብለዋል። የሚቀጥለውን ወሊድ የምትወስዱ ሰዎች ቀድማችሁ «ጭራውን ተዉልኝ» በሏቸው።

ሌላው ቀላል ነው። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የለም፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ብቻ። በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ባጃጅ እስከ በሩ አይገባም። ዋጋው ለእኔ የሁለት ወር የስፌት ገቢ ያህል ነው፤ መንገድ ዳር ከሚሸጡት በጣም ይወደዳል። ነገር ግን ከገዛሁ በኋላ ጥያቄ ባለኝ ቁጥር በራቸው ክፍት ነው፣ አንዴም መጥተው ዳማ የምትተኛበትን ቦታ አይተው የዝናብ ውኃ ይገባበታል ብለው ራሳቸው አዙረውልኛል።

መሄድ የምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ያን ጊዜ አይጠፉም። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ጋሼ ልጆቹን ከቡችሎቹ ጋር ሳያዩ እሺ አይሉም። የጫማ ማሰሪያችሁን ደግሞ ወደ ውስጥ ክተቱት፣ ነጩ አሁንም እዚያው ነው።